ስም የለሹ ዓምድ

አበርዲን፣ ከጥርብ ድንጋይ የተሠራች ከተማ፣
ባሕሩ ሲቆጣ እስከ ዋርዱ የሚሰማ፤
እዚያ ነርስ ነበርኩ፣ የሌሊት ተረኛ።
ሦስት ማሽን ነበረን፣ ዐሥራ አንድ በሽተኛ።
ደም የሚያጥብ ማሽን፣ ቁመቱ እንደ በር፣
ሌሊቱን በሙሉ ሲያጓራ የሚያድር።

ያን ጊዜ ነው የመጣች ኡና ፋርኳርሰን፣
የዓሣ ጨረታ አጫራች ልጅ፣ ቀጭን፣
ካፖርቷን ጨው የበላው፣ ዝናብ የደበደባት፣
እርሳስና ደብተር እንጂ ሌላ ዕቃ የሌላት።
«ለአንዱ» አለች፣ «ስንሰጠው ይህን አልጋ፣
የማን ዕድሜ ነው የሚከፍለው ዋጋ?»

ዶክተር ኪኔርድ ሳቀ፦ «ተሳሳትሽ በሩን፤
የዓሣው ገበያ ታች ነው፣ ተከተይ ሽታውን።
ልብና ኩላሊት የሚመረምር እግዜር ነው፤
ነፍስ ሚዛን አትወጣም፤ ሒሳብሽን ተይው።»

እኔም ጠላኋት። አልደብቅም።
ለሚሞት ሰው እጁን እንጂ
ሰንጠረዥ አይዙለትም።

እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።
«ባለፈው ሐሙስ እንዴት መረጥክ?
ሚስተር ፔትሪን አስገብተህ
ያችን የፋብሪካ ሴት ስትመልስ?»
ዝም። የማሽኑ ጉርምርምታ ብቻ።
«ያገባ፣ ደመወዝተኛ፣ ከሰንበት ጸሎት የማይቀር
ብለህ አይደል? ሚዛንማ ነበረህ።
ገበያ ያደግሁ ነኝ፤
የሚሰርቅ ሚዛን ጨርቅ የለበሰው ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት ቆጠረች።
የዳነውን ብቻ አይደለም፤ ድኖ እንዴት እንዳደረ፣
ደረጃ ወጣ? ልጁን ታቀፈ? ወይስ እንደታሰረ?
ዓመት አለ፣ ዓመት የሚሉት፤
ዓመት አለ፣ የማይሞላ አንድ ዕለት።
ሒሳብ ነው ብዬ የሸሸሁት፣ ሐሳብ ኖሯል።

በሰንጠረዧ ጫፍ አንድ ዓምድ ነበረ፣
ርዕስ የሌለው፣ ሁልጊዜ ባዶ የቀረ።
«ይሄስ?» አልኳት፣ ሻይ ስንጠጣ፣ ሌሊት።
«እሱ» አለች፣ «በሩን ያላንኳኩት።
በደሴቶቹ ጀልባ ያጡ፣
ስማቸው መዝገብ ያልገባ።
እነሱም ከፍለዋል።»

ዛሬ ጥያቄዋ ትምህርት ሆኗል፣ ሆኗል መሥሪያ ቤት፤
ወጣቶቹ በኮምፒውተር ዋጋን ለዓመት ያካፍሉበት።
ፈጣኖች ናቸው። ስሟን የሚያውቅ ግን ጥቂት።
እኔም በጡረታዬ፣ የሕዝብ ተወካይ ተብዬ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ከኮሚቴው እቀመጣለሁ፣ መነጽሬን ሰቅዬ።
ቅጹ ሲታደል ያ ዓምድ የለም፤
ባዶ ስለሆነ ቦታ ይፈጃል ብለው ሰርዘውታል።

ማስመሪያዬን አወጣለሁ።
በእርሳስ፣ ከወረቀቱ ዳር፣
አንድ መስመር አሰምራለሁ፤
እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤
ርዕስ አልጽፍበትም።