ፍሬን የሌለው ወለል

የዓመቱ ግምገማ ቅጽ ሁለት ገጽ ነው፣
በማኅተም ተጀምሮ በፊርማ የሚያልቀው።
«ብርታትሽ?» ይላል። ጻፍኩ፦ «ሰዓት አከብራለሁ፣
ከበርይሾን ሳልትሆልመን በደቂቃው እደርሳለሁ።»
«ድክመትሽ?» ይላል። እስክሪብቶዬን አኘኩ፤
ኢንገላ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ «የለም» ብዬ ጻፍኩ።

በዚያው ሳምንት ዕድገት መጣ፤ ደመወዜ ጥቂት ጨመረ፣
ደረቴ ላይ «አሠልጣኝ» የሚል ቁራጭ ብረት ሰፈረ።
እናቴ በስልክ «አለቃ ሆንሽ?» አለች፤ ድምጿ ውስጥ እልልታ ነበረ፣
«አለቃ አይደለሁም እማዬ» ማለት ምላሴ ላይ ቀረ።

መጀመሪያ የሰጡኝ ልጅ ኢርፋን ይባላል፣
የሳራዬቮ ጫማ ሰፊ ልጅ፤ ሲስቅ ትከሻው አብሮ ይስቃል።
እሱ ትራሙን ይነዳል፤ እኔ ከጎኑ፣ በታጣፊ ወንበር፣
እያየሁ መስታወት፣ እያየሁ መሻገሪያ፣ እያየሁ የእጁን ነገር።

የጎተንበርግ ኅዳር፤ ዝናቡ በረዶ መሆን አፍሮ፣
ሐዲዱ በረገፈ ቅጠል እንደ ሳሙና ተለውሶ አድሮ።
«ቀስ!» እላለሁ። «ደወል!» እላለሁ። «አሁን ያዝ!»
እሱ ቀድሞኝ ይዞታል፤ የኔ ቃል ነው ኋላ የሚጓዝ።

የርንቶርዬት ላይ ቆመን ተሳፋሪ ሲወርድ፣
ጎንበስ ብሎ ጠየቀኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በግድ፦
«አሠልጣኝ፣ ይቅርታ፤ እግርሽ ምን ይረግጣል?
እዚያ ጋ ወለል ብቻ ነው፤ ፍሬኑ እኔ ጋ ይገኛል።»

ወደ ታች አየሁ።
ቀኝ እግሬ የጎማውን ምንጣፍ ተጭኖት ነበር፣
ሳምንቱን ሙሉ ሳቆም የኖርኩ የማይቆም ነገር።

ስንት ቦታ ረግጫለሁ እንዲህ ፍሬን በሌለበት!
ባልደረባዬ ሲያወራ ዓረፍተ ነገሩን ስጨርስለት፣
ታናሽ እህቴ ትምህርት ስትመርጥ «እሱ አያበላም» ስላት፣
የቁጥጥር ክፍል ክፍት ቦታ ማስታወቂያ ሲወጣ፣
«ምን ይሉኛል?» ብዬ ማመልከቻዬን ከመሳቢያ ሳላወጣ።
ጥንቃቄ ስለው የኖርኩት ፍርሃት ነው፣
ዩኒፎርም ስላለበስኩት ማንም ያላወቀው።

በመልሱ ጉዞ እግሬን አነሳሁ፤ ቁርጭምጭሚቴን አጠላለፍኩ፣
ቀላል መስሏችኋል? ያን ቁልቁለት ትንፋሼን ይዤ አለፍኩ።
አንድ ጊዜ ዘገየ። ሰው ተንገጫገጨ፤ የአንዲት አሮጊት ቦርሳ ወደቀ።
ዝም አልኩ።
ኢርፋን ራሱ አየው፤ ራሱ ዐወቀ።

ዘንድሮም ቅጹ መጣ፤ ሁለት ገጽ፣ ያው ማኅተም፤
«ድክመትሽ?» ለሚለው ግን እስክሪብቶ አላኘኩም።
«ቀኝ እግሬ» ብዬ ጻፍኩ፤ በአራት ነጥብ ዘጋሁበት።
ኢንገላ አነበበች። ጫማዬን በሐዘኔታ ተመለከተች ድንገት፦
«መቼ ነው የጀመረሽ? ሐኪም አይቶታል?»
«ቆይቷል» አልኳት፤ «አሁን አሁን ግን ይነሳል።»