የግድግዳው ጉሮሮ

ማራኪ ቤት ስንሠራ፣ ልስኑ ሳይጀመር፣
አዛናው ግንቡ ውስጥ ቱቦ ዘረጋ እንደ ደም ሥር።
«ውኃ ነው?» አሉ ጎረቤቶች። «የአቧራ መንገድ ነው» አላቸው።
ሳቁ። የጌጤነሽ ሳቅ ደግሞ ከሁሉም የባሰው፦
«አቧራ በጎንደር መቼ መንገድ አጣ?
ከአዘዞ ተነስቶ በመስኮት ሲመጣ፣
ያለ ቱቦ ገባ፣ ያለ ቱቦ ወጣ።»

እሱ ግን ሞተሩን ከምድር ቤት ሰቀለ፣
በየክፍሉ ግንብ ላይ አንዳንድ አፍ ተከለ፤
ባለ ክዳን አፍ ነው፣ ካልከፈቱት ዝም ያለ፣
ጎማውን ሲሰኩት ከታች «እምም» የሚለ።

ትርንጎን አስተማራት፣ ከበለሳ የመጣች።
በአንድ ክረምት ውስጥ ያንን ሞተር ገራች።
«እርጥብ አታጉርሺው፣ ትኩስ አመድ አይወድም፤
ባልዲው ከግማሽ አልፎ ከሞላ አይሄድም፤
ማጣሪያውን አጥበሽ፣ ፀሐይ ላይ አስጥተሽ፤
እርጥቡን ከመለስሽ ሞተሩን ገደልሽ።»

እሷ ግን ከትእዛዙ አልፋ ሄደች በጆሮ።
ግድግዳ ታዳምጥ ነበር፣ እንደ ሕመምተኛ ጉሮሮ።
ሲጠግብ ያንጎራጉራል፣ ሲታነቅ ይጮኻል፣
ክዳኑ ያፈሰሰ ዕለት ቀጥኖ ያፏጫል።
እኔ አንዱንም ከአንዱ አልለየሁም።
ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

መጋቢት ነው፣ ሰኞ። አንዱ ጉትቻዬ ጠፋ፣
አራዳ ያሠራሁት የሰርጌ ወርቅ። አልጋው ተነሳ፣ ፍራሹ ተገፋ፤
እሷ በር ላይ ቆማለች፣ ጎማውን ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ፤
«እትዬ፣ የላይኛው ክፍል አልስብ አለ፤ ክርኑ ላይ የታነቀ ነገር አለማ» አለችኝ።
«ወሬ አታስለውጪኝ!» አልኳት።

ሻንጣዋን አልፈተሽኩም፣ ስል ኖሬያለሁ ለሰው።
ፈትሼዋለሁ።
ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ፣ ዳሩ የተበላ ደብተር፤
በእርሳስ ጽፋበታለች፦ «ባልዲ ተደፋ፣ ማጣሪያ ታጠበ»፣ ቀን በቀን፣ በተራ ቁጥር።
ወርቅ አልነበረም። ቢሆንም አላመንኩም።
የወሩን ግማሽ ደመወዝ ይዤ አስቀረሁ።
እሷም አልተከራከረችም፤ ደብተሯን ብቻ ከእጄ ተቀብላ ሄደች።

ሦስት ዓመት።
አዛናው ጉልበቱን አሞት ደረጃ መውረድ አቆመ፤
ሞተሩም ቀን በቀን ደከመ።
መጥረጊያ ገዛሁ። ጌጤነሽ አይታኝ፣
«መንገዱ ተዘጋ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ባለፈው ሐሙስ፣ ጠፍቶ ያደረ መብራት ሲመጣ፣
እኔው ራሴ ወረድኩ፣ አስነሳሁት፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ወጣ።
ከዚያ አፍ ለአፍ ዞርኩ፣ መዳፌን እየደቀንኩ።
ሳሎን፦ ሳበኝ።
ማድ ቤት፦ ሳበኝ።
የላይኛው መኝታ ክፍል፦ ዝም።
እንደ ተቀየመ ሰው፣ ትንፋሽ እንኳ የለም።

ልስኑን ፈነቀልኩ። ክርኑን በሴጌቶ ቆረጥኩት።
አቧራው እንደ በርኖስ ተዳምጦ ወጣ፤
ፀጉር፣ የእርሳስ ቅርፊት፣ የደረቀ ቄጤማ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣
መካከሉ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ጥቅልል እቅፍ፣
ወርቁ።
አልዛገም። አልደበዘዘም።
ቤቴ በበላው በሰው ልጅ አሳበብኩ።

ደወልኩ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ
ለጊዜው ማግኘት አይቻልም።»
እንደገና። «ለጊዜው…»
ሴትየዋ ድምጿ ለስላሳ ነው፣ አትቆጣም፤
ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቱቦውን አጣብቄ፣ ማጣሪያውን አጥቤ፣
ደጅ ተቀምጫለሁ፣ ከፀሐዩ ቀርቤ።
የአርባያ መኪና ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል አሉኝ፤
የቀረውን ደመወዝ በመሐረብ ቋጥሬያለሁ፤
ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላውቅም።
አዛናው በመስኮት፣ «አልደረቀም ወይ?» ይለኛል።
በጣቴ እነካዋለሁ።
ገና ነው፣ እላለሁ። አልደረቀም።