ሲጥ ሲጥ

እቁቡ ደረሰኝ፣ መስከረም ሲጠባ፤
እህቴ፣ "ሶፋ ግዢ" አለች፣ "እንግዳ እንኳ ቢገባ።"
ልጄ ምንም አላለ።
ብስክሌቱን ደፍቶ፣ ጎማውን በጣቱ እያሽከረከረ
ከራጂዎቹ መሃል የተሰበረውን አንድ ሁለት ቆጠረ።

አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ አልፎኛል፤
ሲያናግረኝ እንኳን በራሴ ላይ አልፎ ሐይቁን ያይብኛል።
ከአምና ጀምሮ
ቃል ሲሰጠኝ በቁና አይደለም፣ በስኒ ነው ሰፍሮ።
ብስክሌት ላይ ግን ያወራል፤
ዓይን ለዓይን ሳንገናኝ፣ ጎን ለጎን ስንሆን ነው መሰል፣ አፉ ይፈታል።

ስለዚህ ሶፋው ቀረ።

የሰፈር ሰው "በዚህ ዕድሜዋ!" ይላል፤ ይበል፤ አፍ አይከደን፤
ከማታ ፈረቃ ስወጣ፣ በዘንባባው ስር፣ በውድቅት፣
ከዚች ብረት በቀር ማን ሸኝቶኝ ያውቃል እስከ ቤታችን?

ግሽ ዓባይ ገበያ፣ ከፈንታ ጠጋኙ ላስቲክ ስር ተጠልሎ
ሁለቱም ማውንቴን ተፈተሸ፣ እንደ ገበያ በቅሎ፤
ጥርሱ ታየ፣ አንገቱ ታየ፣ ጉልበቱ ተነካ።
የእኔዋ፣ አሥራ አንድ ክረምት ከጨርቃ ጨርቁ በር ቆማ ዝናብ የጠጣች፣
ማርሿ ከሦስተኛው ወዲያ አልሄድም ብላ የቆረጠች።
የእሱ ሹካ ደግሞ ድንጋይ በነካ ቁጥር
ክርን የሚያነዝር፤
ፍሬኑ፣ ፍሬን ከተባለ፣ ሁለት የሳሳ ጎማ።

ፈንታ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ብሩን በዓይኑ መዘነ፤
"ሁሉም ለሁለቱ አይደርስም፤ ምረጡ፣ ምኑ ለማን ሆነ?"

"ዲስክ ፍሬኑ ለእሱ" አልኩ እኔ ፈጥኜ፤
የቤዛዊትን ቁልቁለት ስንቴ ወርዶታል፣
እኔ በባዶ እጄ ፍሬን እየያዝኩ፣ ከላይ ሆኜ።
"ማርሹ ለእሷ" አለ እሱ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣
"የዳገቱ፣ ትልቅ ጥርስ ያለው። ካቴናውም።
ወርዳ እየገፋች ነው የምትወጣው፤ እየጠበቅኳት ስንቴ ቁርሴን ልርሳ?"
ፈንታ ሳቀ። "ለራሱ የሚለምን የለም ከእናንተ ቤት?"
ሹካው ለሚመጣው እቁብ ይደር ብለን፤
የድሮውን ፈትቶ፣ ግራሶ ለቅልቆ፣ መልሶ አሰረልን።

ሲጨርስ ቀኝ ፔዳሌን በእጁ አዞረው፦ ሲጥ… ሲጥ…
"በአንድ ጠብታ ዘይት ልግደላት" አለ፣ "ይቺን አይጥ።"
"ተዋት" አለ ይበልጣል። ሌላ አልጨመረ።
እኔም አልጠየቅኩ። ፈንታ ትከሻውን ነቅንቆ ዘይቱን ከድኖ አኖረ።

እሑድ፣ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ፣ የዓባይን ድልድይ ስንሻገር
ጉም ነበር ውኃው ላይ፤ ጉማሬ ያጉረመርማል ከደንገሉ ዳር።
ስለ ሒሳብ መምህሩ አወራኝ፣ ስለ አንድ ልጅ ጫማ፣
ስሟን ስላልነገረኝ አንዲት ልጅ፤ እንዳልሰማሁ ሆኜ ሰማሁ።

ከዚያ ዳገቱ።
አውራ ጣቴ ማርሹን ነካ፤ ቀጭ አለ።
እግሬ ቶሎ ቶሎ፣ መንገዱ ቀስ ቀስ፤
ሳንባዬ ወናፍ፣ ልቤ ከጉሮሮዬ ሲደርስ፤
ግን አልወረድኩም።

እሱ ከፊት ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ይበልጣል ብዬ፤
የሚበልጠው እኔን መሆኑን ማን ነግሮኝ፣ ያኔ በአንቀልባ አዝዬ።
በየኩርባው ጀርባው ይጠፋል፤ አንገቱን አያዞርም፤
ከታች፣ ዓባይ ከጣና እየወጣ ነው፤ እሱም ወደ ኋላ አያይም።
ተቀየምኩ። ትንሽ።

የጫማዬ ክር ተፈታ፤ ቆምኩ፤ ሲጡም አብሮኝ ዝም አለ።
ከላይ፣ ከኩርባው ወዲያ፣ አዲሱ ፍሬን ሲይዝ ሰማሁ፤ ጎማው ጠጠሩ ላይ ዋለለ።
"እማ?"
"አለሁ!"

እግሬን መልሼ ረገጥኩ፦ ሲጥ… ሲጥ… ሲጥ…
ከላይ ፍሬኑ ለቀቀ።
እህቴ ስትመጣ፣ ያው፣ ዱካው ላይ ትቀመጥ።