አውራ ጣት

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ዊኒፔግ በረዶ፣
ምድር ቤት ተኝቼ፣ ዓይኔ በብርሃን ነዶ፣
አውራ ጣቴ ያድራል ቁልቁል ሲወርድ ተገዶ።

የሟቾቹ ቁጥር ትናንት ሰባት ነበር፣
ዛሬ ደግሞ አሥር፤
አሥራ አንደኛው ሲሞት ብተኛስ፣ ማን ሊቆጥር?

ማወቅ ነው እላለሁ፤ ውሸቴን ነው ግና፣
ፍርሃት እጅ የለው፣ እጄን ተውሷልና።

የነጭ ሽንኩርት ፈውስ፣ የሐሰት ሰበካ፣
አንዲት ነርስ ስታለቅስ አየሁ፤
ደግሜ አየሁ፤ ሦስቴ። ልቤ አልተነካ።

የአረጋውያን ቤት አለቃዬ «አሥራ አራት ቀን ከቤት እንዳትወጪ» ካለችኝ
ዛሬ ዘጠነኛው ነው።
ዘጠኙንም የከረምኩት እዚህ ክፍል ሳይሆን መስታወቱ ውስጥ ነው።

ስልኬ ሞተ።

ሳል ሰማሁ። ከጣሪያው ወዲያ።
ኦሌክሳ ነው፣ አከራዬ፤ ሰማንያ አልፎታል፤ ብቻውን ነው።
ከመቼ ጀምሮ ነው የሚስለው?
የሚላኖን ሳል አውቃለሁ፣ የማድሪድን፣ የዉሃንን፤
አልሰማሁም የጣሪያዬን።

በመጥረጊያ እንጨት ሁለቴ መታሁ።
ዝም።
ቻርጀሬን በዳበሳ ፈለግሁ፣ አገኘሁ፤
እጄ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ
ከላይ፣ በከዘራ፣ ኳ።
ቆየት ብሎ፣
ኳ።