ዓምድ አራት

ሊዮን ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣
ሥራዬ ቁጥር መልቀም፣ አገር ካገር ማቀራረብ።
ዓምድ አንድ፦ የአገር ስም። ዓምድ ሁለት፦ ትምህርት ቤት።
ዓምድ ሦስት፦ የተማሪ ብዛት።
ዓምድ አራት፦ «ለአንድ ልጅ ስንት ኮምፒዩተር ደረሰው?»
ከዚያ ወዲያ ያለውን ቦታ ኅዳጉ ነው የጨረሰው።

ከኢስቶኒያ፣ ከቮሩ ከተማ፣ መምህርት ቪርቬ ላከች፤
«አንድ» ብላ ዓምድ አራትን በንጹሕ እጅ ሞላች፤
ከግርጌው ግን በእርሳስ፣ በጥቃቅን ፊደል፣
ለማንም እንዳልሆነ፣ ለራስ እንደሚባል፦
«ኡኩ የሚሉት ልጅ አለኝ፣ ገና የዐሥር ዓመት፤
ሮቦቱን "ሂድ" ቢለው ሄዶ ግድግዳ መታበት።
"ቀኝ" ያለ መስሎት ነበር፤ የጻፈው ግን "ግራ" ነው፤
ዕቃው አልተሳሳተም፤ እንደ ቃሉ አደረገው።
ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው፣ ከደወል በፊት መጣ፦
"እናቴ ግራ ስላት ቀኝ ማለቴን የምታውቀው፣ ከየት አምጥታ?"
መልስ አልነበረኝም።»

እኔም የለኝም። ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ከኡራጓይ፣ ታኳሬምቦ፣ ሁለት ልጅ ካለው ትምህርት ቤት፣
ለሁለት ልጅ ሁለት ላፕቶፕ፤ «አንድ» ነው ውጤት።
ከኢስቶኒያ እኩል ለእኩል ጎን ለጎን ተጋደሙ።
ኔትወርኩ ግን ኮረብታ ላይ ነው፤ ኔልሲና ያማንዱ
ማለዳ በአንድ ፈረስ ወጥተው፣ ላፕቶፕ ታቅፈው ቆሙ፤
ፀሐይ እንዳይጋርደው ባርኔጣ ደፍተውበት
የቤት ሥራው ይወርዳል፣ ጠብ፣ ጠብ፣
ፈረሱ ሣር ሲግጥበት።

ዓምድ አራት ስለ ፈረስ አይጠይቅም።

ከዛምቢያ፣ ከሞንጉ፣ ውኃ ከሚተኛበት ሜዳ፣
የደረሰኝ ፖስታ እርጥብ ነው፤ ጥግ ጥጉ የተጎዳ።
መምህር ሙቢታ «ለሁለት መቶ ዐሥር ልጅ አንድ አለን» ይላል፤
አጠገቡ በቅንፍ፦ «እሱም ሞቷል»።
ሬሳውን ግን አልቀበሩም፤ በመፍቻ ከፈቱት፤
ይህ ሳንባው፣ ይህ ልቡ እያሉ፣ መልሰው ገጠሙት።
መተየብ የተማሩት በካርቶን ነው፤ በከሰል የተሣለ፣
ሁለት መቶ ዐሥር ልጅ በጣቱ ያሸው፣ ጠርዙ የቆሰለ።
ጥር ላይ ጣራው አፈሰሰ። አንዲት ጠብታ መረጠች፤
«ኤም» ላይ አርፋ፣ ከሰሉን ልሳ ፊደሏን ጠጣች።
መልሶ የሣላት የለም። መሐሉ እንደተሰበረ ድልድይ
ያቺን ቦታ ዘለው ተማሩ፣ ጣት ሳይነካት ሲያልፍ ላይ ላይ።

በሰኔ ሌላ ፖስታ መጣ፦
«በጀልባ አንድ ደኅና ማሽን ደረሰን፣ ከነፀሐይ ኃይሉ።
ልጆቹ እስከ ወንዙ ድረስ ተሰለፉ፣ ሌሊቱን ሳይተኙ ዋሉ።
መጀመሪያ ናማንጎልዋ ቀረበች፣ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ፤
ቁልፎቹን ቁልቁል አላየችም፤ ሳትፈራ ዘረጋች እጅ፤
ስሟን ጻፈች፣ ፈጥና፣ ቀና እንዳለች፣ ምንም ሳያስቸግራት፤
ስሟ ግን ከመሐል ጎደለ። አንዲት ፊደል ቀረባት።
"ኤም እኮ እዚህ አለች" አልናት፤
ጣቷ እምቢ አላት።»

የታተመው ወረቀት ይኸው፣ ከሻይ ብርጭቆዬ ሥር አይደለም፣ ከላይ።
«ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ አምስት» ብዬ ሞላሁ ዓምድ አራት ላይ።
አለቃዬ ብቅ ብሎ፦ «አለቀ?»
«አለቀ።»
መብራቱን አጥፍቶ ራቀ።

ከስክሪኑ ብርሃን ጋር ብቻዬን ቀረሁ።
ጣቴን «ኤም» ላይ አሳረፍኩ፤
ጥቂት ቆየሁ፤
ተጫንኳት።