ማነው?

ሐምሌ ነው። አዋሳ። የጤና ቢሮው ምድር ቤት፣
ከእኔና ከሞደሙ በቀር ሰው ሁሉ የሄደበት ሌሊት።
ስድስት ቀይ መብራት አለው፤ አምስቱ በወግ ይበራል፣
ስድስተኛው እንደ ጥርስ ሕመም ይርገበገባል።
ውጭ፣ የስልክ እንጨቱ ላይ አባ ኮዳ ቆሟል፣
እንደ ጡረተኛ ዳኛ ክንፉን ደርቦ ያዳምጣል።

አለቃዬ፦ «በዘጠኝ ሺ ስድስት መቶ ቁረጪው፤
ዲላም ይርጋለምም አዲስ ሞደም አላቸው፤
የቀረው ይድረስበት።»
እኔም ተስማማሁበት።
ፈጣን ነኝና፤ ከልጅነቴ ምላሴ የሚቀድመኝ፣
ሰው ሳይጨርስ «ገባኝ» ማለት የሚቀናኝ።

ግን ሐገረ ሰላም፣ ጉሙ ቢሮ ገብቶ ወንበር በሚይዝበት፣
አቶ ሆጤሶ አሉ፤ ከለጋሽ የተረፈ ሞደም የወረሱት።
በሰከንድ አሥራ ሁለት መቶ ቢት ነው አንደበቱ፣
ከዚያ በላይ አይችልም፣ ቢቆጡት ቢመቱ።
ሦስት ሳምንት ደወሉ፣ ማታ ማታ፣ ዝናቡ ሲያባራ፤
ሦስት ሳምንት መዝገቤ ላይ
ቅንፍና የዶላር ምልክት ተሰለፈ ተራ በተራ።

በመጨረሻ በተራ ስልክ መጡ፦
«ወይዘሪት ብርቅነሽ፣ ዘበኛሽ ‹ማነው?› ይለኛል ብዬ ብጠብቅ
በልሳን ይናገራል።
ተርጓሚ የለኝም። ምን ይሻላል?»

«ብሬክ የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ» አልኩ።
«ስንቴ?»
«እስኪገባዎት።»

ነገሩ ቀላል ነው፤ ዘበኛው ሰንጠረዥ አለው፣ የተጻፈለት፤
እያንዳንዱ መስመር ፍጥነት ነው፤ ጫፉ ላይ የተከታዩ ስም አለበት።
ደዋዩ ያን ቁልፍ ሲጫን «አልገባኝም» ነው ትርጉሙ፤
ዘበኛውም አንድ ደረጃ ይወርዳል፣ ያዘግማል በአቅሙ፦
ከዘጠኝ ሺ ስድስት መቶ ወደ አራት ሺ ስምንት መቶ፣
ከዚያ ሁለት ሺ አራት መቶ፣ ከዚያ አሥራ ሁለት መቶ፣
ካልሆነም ከላይ ይጀምራል፣ ሳይሰለች፣ ዞሮ መጥቶ።

አንዴ ተጫኑ። ልሳን።
ሁለቴ። ልሳን።
ሦስቴ።
«ይኼማ ያው የመጀመሪያው ልሳን!»

ሰንጠረዡን ከፈትኩ። ሁለት ሺ አራት መቶ ጫፍ ላይ፣ በእኔ እጅ የተጻፈ፣
ተከታይ ተብሎ ዘጠኝ ሺ ስድስት መቶ ተለጠፈ።
አሥራ ሁለት መቶ ከሥር ነበረ፣ ሙሉ፣ ያለ ስሕተት፤
ግን ወደ እሱ የሚልክ የለም፤
ቤት ነው፣ መንገድ የሌለበት።

አንድ ቃል ነበረች። አረምኳት።
ካረምኩ በኋላም ተቀመጥኩ፤ እንዲህ ስል፦
ትልቅ ሰው ለምን ቁልፍ ሲደበድብ ያድራል?
ሞደሙ እኮ ገና ሲገናኝ «በዚህ ፍጥነት ተያዝን» ብሎ ይናገራል፤
እኛ ነን ሳንሰማ የምንቀድመው።
ዘበኛውን አስተማርኩት፦ ስልኩን ስታነሳ ዝም በል፤
ቁጥሩን ስማ፤ ልኩን ያዝ፤ ከዚያ «ማነው?» በል።

በነጋታው፣ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል።
ሞደሙ አፏጨ፣ አንኮራፋ፣ ዝም አለ፤
ስክሪኑ ላይ አንድ ፊደል፣ ቆይቶ ሌላው ተከተለ።
መስመሩ አይደለም የዘገየው፤
አሥራ ሁለት መቶ እንኳ ለአንድ ጣት ይበዛል።
አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል፣
ቃል፣ ዕረፍት፣ ቃል፦

«የኩፍኝ ክትባት ካለቀ አሥራ ዘጠኝ ቀን። አምስት ልጆች ተኝተዋል።
ስድስተኛዋ»

እዚህ ላይ ቆመ።
«ገባኝ» ልል ነበር። እጄ ቁልፉ ላይ ነበር።
አነሳሁት።
እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

ጠዋት የበረዶ ሣጥን የጫነች መኪና ወደ ደጋው ወጣች።

ዓመታት አለፉ። ዱካሞ የሚባል፣ ከኮሌጅ የመጣ ልጅ፣
አሮጌውን ማሽን ሊነቅል ሲል ጠራኝ ከደጅ፦
«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»
ከሰንጠረዡ ግርጌ፣ ማሽኑ ዘሎት የሚያልፈው፣
ለሰው ብቻ የተተወ ማስታወሻ ነው፦

ይህን መስመር አትንኩ።
ሆጤሶ በዚህ ይገባሉ።