የክብሪት እንጨት

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ውሃ በሳምንት ሁለቴ፣
ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ጥርሱ የሚንቀጫቀጭ ቤቴ፤
እዚህ ነው ያመጣሁት፣
በስድስት ሺህ ብር፣ ያለ ሻንጣ፣ በማዳበሪያ ጠቅልዬ፣
ረዳቱ «የሁለት ሰው ነው» ሲለኝ የሁለት ሰው ከፍዬ።

ቤዝ ጊታር ነው፤ አራት ክር።
ጭንቅላቱ ላይ ስም ነበረ፤ ፍቀውታል።
አንገቱ ጎብጧል፣ ክሩ ከእንጨቱ ርቋል፣ ጣት ያቆስላል፤
ሲሰካ ደግሞ ያጉረመርማል፣ እንደ ንብ ቀፎ፤
ብረቱን ስይዘው ብቻ ዝም ይላል፣ አርፎ።
«እንዳንተ ነው» አለች ትሁኔ፣
«ካልነኩት ያጉረመርማል።»

ቀን ቀን ፍሪጅ እጠግናለሁ፤ እጄ ዘይት ይሸታል።
ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ቤት፣ ከድራሙ ኋላ፣ ጥላው ውስጥ፤
ቤዝ መቺን ማን ያየዋል?
ያቆመ ዕለት ግን ዘፋኙ ይዞራል፣ እስክስታው ትከሻ ያጣል።

ጠረጴዛው ላይ አንሶላ አንጥፌ አስተኛሁት።
ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሊማ፣ ስታኞ፣ የብርጭቆ ወረቀት።
የአንገቱን የውስጥ ብረት ሩብ ዙር አጠበቅኩ፣
አንድ ሌሊት ጠበቅኩ፤
እንጨት እንደ ሽማግሌ ነው፣ ሲቸኩሉት ይሰነጠቃል።
ክሩ የሚያርፍባትን ፕላስቲክ ነቅዬ ጣልኩ፤
ከጉርሜሳ ሉካንዳ የበሬ ቅልጥም ለመንኩ።
«ለውሻ ነው?»
«ለዘፈን ነው» አልኩ።
ቀቀልኩ፣ አደረቅኩ፣ አራት ቀጭን ቦይ ሞረድኩ፤
ቤቱ የተቃጠለ ጥርስ ሸተተ፤
«አባዬ፣ ሲመታ እምቧ ይላል?» አለ ናኦድ፣ አፍንጫውን እንደያዘ።

ሆዱን በፎይል ለበጥኩት። ከሞተ ቴፕ የነቀልኩትን ቮልዩም ተከልኩ።
ከድልድዩ ሥር የተበጠሰውን ሽቦ ከመሬቱ አገናኘሁ፤
መሬት ያላገኘ ነገር ያጉረመርማል፣
ይሄን በኛ ሰፈር ለማንም ማስረዳት አያሻም።

አንገቱን የያዙት ብሎኖች አራት ነበሩ።
ሦስቱ ታገሉኝ።
አራተኛው ግን እሺ ብሎ ወጣ፤ በባትሪ አየሁ ቀዳዳውን፦
የክብሪት እንጨት፣
የተሰበረች፣ ሙጫ የጠጣች፣
ቀይ ራሷ ሳይቃጠል የቀረች።

ማን ነበር?
ቀዳዳው ሰፍቶበት፣ ሱቅ ተዘግቶበት፣
ከመድረክ ስሙ እየተጠራ
ክብሪት ሰብሮ፣ አጣብቆ፣ እፍ እፍ ብሎ ያደረቀ?
የት? ሐዋሳ ምሽት ቤት? ካምፕ ውስጥ? ጸሎት ቤት?
ሲሸጠውስ ምን ገዛበት?
ወተት? የወር ኪራይ?
ወይስ ክብሪት የማያሻው፣ ሌላ ጊታር?
ስሙን እሱ ራሱ ይሆን የፋቀው?

ሁሉን ቀይሬ እሷን ተውኳት።
አጠገቧ አንድ የራሴን እንጨት ሰካሁ፣
ሙጫ ጨመርኩ፣ ብሎኑን መለስኩ።

ሰኞ ሌሊት ሰባት ሰዓት አለቀ።
ሰካሁ፤ መብራት ጠፋ።
እስከ ገላን ድረስ አንድ አምፖል የለም።
ጨለማው ውስጥ ቆሜ ማንን ልሳደብ?
የጊታሩን ቀንድ ከቁምሳጥኑ በር አስደገፍኩ፣
ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቴ ሳብኩ።

ቁምሳጥኑ ተናገረ።
የትሁኔ የሠርግ ቀሚስ፣ የናኦድ ዩኒፎርም፣ ባዶ ማንጠልጠያዎች፣
ሁሉም ከሆዱ መለሱ፤
ድምፁ በወለሉ ዞሮ በተረከዜ ገባ።
ከሥራችን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የፋብሪካው ዘበኛ ጋሽ ኤጄርሳ
በረንዳ ወጥተው መንገዱን በባትሪ አሰሱ፦
«ማነህ! ሲኖትራኩን አጥፋው እንጂ! ሰው ተኝቷል!»

ትሁኔ ብርድ ልብሱን ነከሰች፣ ሳቅ እንዳያመልጣት።
እኔ መዳፌን ክሩ ላይ አሳረፍኩ።
ዝም አለ።

«ተባረክ» አሉ ጋሽ ኤጄርሳ፣
ለባዶው መንገድ።